የዓይን ሞራ ከተነሣ በኋላ ስላለው ጥንቃቄ

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ክቡር ሆይ፤ ብዙዎቻችን የመንግሥት ሠራተኞች ወላጆቻችንን ከአገር ቤት እያስመጣን ዓይናቸውን እናሳክማለን። ስለዚህ በእኔ ቤት ከደረሰው ተነሥቼ የጻፍኩትን ይህን አጭር አሳብ በጋዜጣዎ ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እናቴ በዓይን ሞራ ምክንያት ሰውን የምትለየው በድምፁ ነበር። ባለፈው ዓመት በአንድ ዓይኗ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሣ የልጅ ልጆቿን መልክ አይታ እልል አለች። እኛም ሥራው ሁሉ ያለቀ መስሎን በሳምንቱ ወደ አገሯ ሸኘናት። በአምስተኛው ሳምንት ግን «የምሰፋው ስፌት ጠመመብኝ፤ የሰውም ፊት መካከሉ ደበዘዘብኝ» ብላ በስልክ ነገረችን። አንዱ ጎረቤት ሞራው ተመልሶ በቀለ አለ፤ ሌላው ሐኪሙ አበላሸው አለ፤ እኔም የዓመት ፈቃዴ አልቋል ብዬ ነገሩን አዘገየሁት። አስመጥተን ስናስመረምራት ወራት አልፈው ነበር።

የመረመራት ሐኪም እንዳስረዳን፥ ሞራው አልተመለሰም። በዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበል ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ፤ የዚህም መካከል ማኩላ ይባላል። ፊደል የምናነበው፥ በመርፌ ክር የምናስገባው፥ የሰው ፊት የምንለየው በዚህች ትንሽ ቦታ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በዓይን ውስጥ ብግነት ሲነሣ በማኩላ ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፤ ቦታውም ያብጣል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ኢርቪን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1953 እ.ኤ.አ.፥ ጋስ የተባለውም በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጻፉበት እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል።

በዛሬው የቀዶ ሕክምና ዘዴ ዕይታን እስኪያደክም ድረስ የሚያብጠው ከመቶ ታካሚ የአንዱ ወይም የሁለቱ ያህል ነው። የስኳር በሽታ ያለበት፥ ወይም ቀደም ሲል በዓይኑ ውስጥ ብግነት የነበረበት ሰው ግን ከሌላው ይልቅ ያሠጋዋል፤ እናቴም ስኳር ነበረባት። ብዙ ጊዜ የሚታየውም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ይኸውም ታካሚው ድኛለሁ ብሎ ወደ አገሩ ከገባ በኋላ ማለት ነው።

ደግነቱ ሕክምና አለው። ብግነትን የሚያበርዱ የዓይን ጠብታዎች ለሳምንታት ይታዘዛሉ፤ በጠብታ እንቢ ያለውን ሐኪሙ በመርፌ መድኃኒት ያክመዋል። ብዙዎቹም በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል። እብጠቱ ለረዥም ጊዜ ከቆየ ግን ማኩላን ለዘለቄታው ሊጐዳ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ እየገዙ መጨመርም የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ሌላ ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል መድኃኒት አይባልም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው ይህን ማውራት ሕዝቡን ከሐኪም ቤት ያሸሻል ይል ይሆናል። እኔ ግን የሚያሸሸው ዝምታው ይመስለኛል። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት ከዓይነ ሥውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ነው፤ ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው እጅግ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን አንድ ያልተነገረው ታካሚ ዓይኑ ከወር በኋላ ሲደበዝዝ መንደሩ ሁሉ ሐኪሙን ይጠረጥራል፤ ሌሎች ዐሥር ሰዎችም በዚያው በጨለማ ይቀራሉ። የተነገረው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ በጊዜው ይመለሳል።

ስለዚህ በበኩሌ የማሳስበው ይህ ነው። ሐኪም ቤቶች፥ ይልቁንም በዘመቻ ብዙ ሰው የሚያክሙት፥ ታካሚውን ሲያሰናብቱ የመመለሻውን ቀን በወረቀት ጽፈው፥ ምክንያቱንም ለአስታማሚው በግልጽ አማርኛ ወይም በሚሰማው ቋንቋ ይንገሩት። እኛም ልጆች የታዘዘውን ጠብታ ሳናቋርጥ እናድርግ፤ መስመር ከጠመመ ወይም ዕይታ ከደበዘዘ ሳናመነታ እናስመርምር። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ለቀዶ ሕክምናው ቀን የሚሰጡትን ፈቃድ ለመመለሻው ቀን አይንፈጉ።

እናቴ በተደረገላት ሕክምና ዛሬ ፊታችንን ትለያለች፤ ስፌቷን ግን ትታለች። ሁለተኛው ዓይኗ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ በዚህ ጊዜ ግን ሐኪሙ ሂጂ እስኪላት ድረስ እኔ ቤት ትቆያለች።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ