ሂሳቡ ለአልሚው ይቅረብ

የነዋሪ ሰላም ከታወከ የመኪና ውድድር ሜዳው ይዘጋ ባዩ ጸሐፊ፣ በእንግሊዙ የሚልደንሆል ስታዲየም የውድድር ጩኸት ክስ ተመክተዋል። መመኪያቸው ግን ግማሽ ነው። ስታዲየሙ የግንባታ ፈቃድ ያገኘው በ1975 (እ.ኤ.አ.)፣ ከሳሾቹ በአቅራቢያው ቤት የገዙት በ2006 ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014፣ ከሳሽ ዘግይቶ መምጣቱ ብቻውን ለተከሳሽ መከላከያ አይሆንም ብሎ ለነዋሪዎቹ ፈርዷል፤ አልክድም። ያው ፍርድ ግን ዳኞች በእገዳ ፈንታ የገንዘብ ካሳ ለመወሰን ሰፊ ሥልጣን እንዳላቸውም ተናግሯል። ጸሐፊው ይህን ለምን ዘለሉት?

ደግሞስ አዲስ ቤት ሠርቶ የሚሸጠው አልሚ የት ገባ? ትርፉን አፍሶ ሲሄድ ጩኸቱ ለገዢው፣ ክሱ ለሜዳው ይቀራል። የእንግሊዝ የፕላን ፖሊሲ ከ2018 ወዲህ፣ ነባር ተቋም አጠገብ የሚገነባ አልሚ የድምፅ መከላከያውን ግንባታው ሳያልቅ ራሱ እንዲያዘጋጅ ይጠይቃል።