ሰኞን የሚሠራልህ ማን ነው?

«ሥራ ሥራ ነው፤ እምነት ደግሞ እምነት» የምትል ወዳጄ፣ እስቲ «ሴቨራንስ»ን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2022 በአፕል ቲቪ መታየት የጀመረው ይህ ተከታታይ ድራማ፣ ያልከው ነገር ቢሆን ምን እንደሚመስል ያሳይሃል። ሉመን በሚባለው ኩባንያ የሚሠሩ አንዳንድ ሰዎች አንጎላቸው ውስጥ ቺፕ ይተከልላቸዋል። አሳንሰሩ ወደ ቢሮ ሲያወርዳቸው ቤታቸውን ይረሳሉ፤ መልሶ ሲያወጣቸው ደግሞ ሥራቸውን።

ብዙ ተመልካች «ክፉው ኩባንያው ነው» ብሎ ያልፋል። ክፉስ ክፉ ነው። ግን ማርክን ማን አስገደደው? ሚስቱ በመኪና አደጋ ሞተች ስለተባለ፣ ሐዘኑን በቀን ለ8 ሰዓት ሊሸሽ ወዶ ገባ። ሐዘኑ ግን ሲወጣ ደጅ ላይ ይጠብቀዋል። ሄሊንም ተመልከት። ቢሮ ያለችው ሄሊ «ልቀቁኝ» ብላ ስታመለክት፣ ጥያቄዋን ውድቅ ያደረገችው ውጭ ያለችው ራሷ ናት። ለሁለት የተከፈለ ሰው አያርፍም፤ ከገዛ ራሱ ባሪያ ያበጃል።

አንተ ቺፕ የለህም። እሑድ በዝማሬ ያነሣኸው እጅ ሰኞ ሐሰተኛ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ስትጠየቅ «አለቃዬ አዞኝ ነው» ትላለህ። የሉመን ሠራተኞች በእርግጥም አያስታውሱም። አንተ ግን ሁሉንም ታስታውሳለህ፤ ስለዚህ ያንተ ይብሳል።

ጌታ የጠራው የእሑዱን አንተን ብቻ አይደለም። ሰኞ ቢሮ ስትገባ ስምህንም አምላክህንም ይዘህ ግባ። «ይህን ደረሰኝ አልቆርጥም» በል። እንጀራህን ሊያሳጣህ ይችላል፤ ራስህን ከማጣት ግን ይሻላል።