ቆመን የምናስበው ማንን ነው?

የሚያዝያ 27 የድል በዓልን ዋዜማ ምክንያት በማድረግ በግቢያችን ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰልፈን ነበር። «ለአገራቸው ሲሉ ለወደቁ ጀግኖች የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ» ተባለ። ባርኔጣ ያደረገ አወለቀ፤ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ወዲያው ከኋላዬ ከቆሙት እጩ መምህራን አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስንት ሰከንድ ቀረ?» ሲል ሰማሁት። ጓደኛውም «ዝም በል እንጂ፣ ሊያልቅ ነው!» አለው።

ተናደድኩ። ዘወር ብዬ ልገሥጻቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገር ግን እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ እኔም ራሴ አንድም የወደቀ ሰው አላሰብኩም። የማስበው ሰልፉ ቶሎ ካላለቀ ሻይ ቤቱ ይጨናነቃል እያልኩ ነበር። ልጆቹ አፍ አውጥተው ተናገሩት እንጂ ጥፋታችን አንድ ነው። ታዲያ ቆመን የምናስበው ማንን ነው? ስሙን የማናውቀውን ሰውስ እንዴት አድርገን እናስበዋለን? ይህን አስተያየት ለግድግዳ ጋዜጣችን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

በቦሳ አዲስ፣ ከምኖርበት ቤት አጠገብ፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ «አዴ» እያለ የሚጠራቸው አንዲት እናት አሉ። ትውልዳቸው በአጋሮ በኩል ነው። ሰው «ስንት ልጅ አለዎት?» ሲላቸው «አራት» ይላሉ። እኛ ጎረቤቶቻቸው የምናውቀው ግን ሦስቱን ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት ሲጠራ፣ አራተኛው ልጃቸው ቡና ለቀማ ላይ እንዳለ ተወስዶ ሄደ። ከአሥመራ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ ከተበተነውም መካከል በእግሩ እየተጓዘ፣ አንዳንዱም በሱዳን በኩል ዞሮ አገሩ የገባ ብዙ ነው። የሳቸው ልጅ ግን አልመጣም። መርዶ ነጋሪም አልመጣም።

አንድ ቀን ደፈር ብዬ «አዴ፣ ለቅሶ አልተቀመጡም እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ማን ሞተ ብሎኝ ልቀመጥ? ብቀመጥ በገዛ አፌ የገደልኩት ይመስለኛል። አልቀመጥ ብል ደግሞ ይኸው ስንት ዓመቱ! ሞተ የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልቅሼ፣ ዱዓ አስደርጌለት፣ እኔም ባረፍኩ ነበር።»

ልብ በሉ! እኚህ እናት የጠየቁት ሐውልት አይደለም፤ ሜዳልያም አይደለም። የጠየቁት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በአገራችን ልማድ እርም የሚወጣው ሞቱ በታወቀ ሰው ላይ ነው። ክርስቲያኑ ተዝካር የሚያወጣው፣ ሙስሊሙም አስከሬን ባይኖር እንኳ ሶላተል ጋኢብ የሚሰግደው «እገሌ ዐርፏል» ሲባል ነው። ያልተነገረው ቤተሰብ ግን ሐዘንተኛም አይደል፣ ባለ ተስፋም አይደል፤ በመካከል ተሰቅሎ ይኖራል።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፦ የወደቀን ወታደር ማክበር ማለት በመጀመሪያ ስሙን መመዝገብና ለቤተሰቡ መንገር ነው። ሰልፉ፣ ሐውልቱና የአበባው ጉንጉን ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኋለኛው እንጀምርና ፊተኛውን እንረሳለን።

ታሪካችንን እንመልከት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ከወደቁት መካከል ፊታውራሪ ገበየሁን ሁላችንም እናውቃለን። ከሳቸው ጋር የወደቁትን ግን «በሺህ የሚቆጠሩ» ብለን እናልፋቸዋለን።

ወደ ራሳችን አካባቢ ስንመጣም ነገሩ ያው ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄድ ሰው ጎጀብን ይሻገራል። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በጣሊያን ጦር ተከበው እጃቸውን የሰጡት እዚያው ጎጀብ ላይ ነው። አብረዋቸው ከነበሩት መካከል የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ይገኙበታል፤ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡና የተማሩ ልጆች ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የእናንተ ዕድሜ ነው። በሰኔ 1933 ዓ.ም. ደግሞ ጅማ ከፋሺስት እጅ ስትወጣ በእነ ገረሱ ዱኪ የሚመሩ አርበኞች ከእንግሊዝ ጦር ጎን ተሰልፈው ነበር። በዚያ ዘመን በአገራችን ምድር ከወደቁት የእንግሊዝና የቅኝ ግዛቶቿ ወታደሮች መካከል አዲስ አበባ፣ ጉለሌ በሚገኘው የጦር መቃብር ያረፉ አሉ፤ ድንጋዩ ላይ የሟቹ ስም ተጽፏል፤ ሣሩም ይታጨዳል። ከጎናቸው የወደቀው የእኛ አርበኛ ስም የት ተጽፏል? አብዛኛውን ጊዜ በልጅ ልጆቹ አፍ ላይ ብቻ።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ ሁሉን እኩል አልቆጠሩም። የጦር መቃብሮቻቸውን የሚጠብቀው ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ግዛት ሲሉ የወደቁ ቢያንስ 116 ሺህ ሰዎች፣ አብዛኞቹም የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ተወላጆች፣ በስማቸው ሳይታሰቡ መቅረታቸውን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። መቶ ዓመት ዘግይቷል። ቢሆንም አምኗል፤ ስሞቹንም መፈለግ ጀምሯል። ስለዚህ «ጊዜው አልፏል» ማለት ምክንያት አይሆንም።

እኛ ዘንድ ያለው ሌላው ችግር መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሟቹም አብሮ መለወጡ ነው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከመቶ ሃያ በላይ ሰው ሞቶባቸዋል። አስከሬኑ ወደ አገሩ ተመልሷል፤ በ1960 ዓ.ም. በኮሪያ ምድር፣ በቹንቾን ከተማ፣ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ግን አገራችን ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስትወዳጅ፣ ለደቡቡ የተዋጋ ሰው ስለ ዘመቻው ደረቱን ነፍቶ ማውራት የማይችልበት ጊዜ መጣ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው ከሰሜን ኮሪያ በተገኘ እርዳታ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የትግላችን ሐውልት ተሠራ። በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ ነው፤ የሞቱ ኩባውያን ፎቶግራፍም አለበት። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በተራው የካራማራ ዘማች ዝም አለ። የካቲት 26 ሲመጣ የሚያስታውሰው ራሱ ዘማቹና ቤተሰቡ ብቻ የሆነበት ዘመን ረዥም ነበር።

የሞተው ሰው ግን ያው ነው። የተለወጠው የእኛ ፊት ነው። አንድ የአጋሮ ልጅ ወይም አንድ የደብረ ማርቆስ ልጅ ሲወድቅ ለየትኛው መንግሥት እንደ ወደቀ እናቱ አትመዝንም። እኛም ለመቅበርና ለማስታወስ መመዘን የለብንም።

ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመና በሌሎች ግንባሮች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከሁለቱም አገሮች አለቁ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት ደግሞ እርስ በርሳችን ነበር። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ ለየቤተሰቡ መርዶ ተነገረ፤ የሦስት ቀን ሐዘንም ታወጀ። በየቤቱ ጩኸት ሆነ። ሐዘኑ የከበደ ነው፤ ዳሩ ግን እነዚያ እናቶች ቢያንስ ማልቀስ ቻሉ። ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ከየትኛውም ክልል፣ ይህን እንኳ ያላገኘ ቤተሰብ እንደ አዴ መንገድ መንገድ ያያል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስንከራከር ሦስት ተቃውሞ ሰምቻለሁ።

አንደኛው «የወደቀን ወታደር ማክበር ጦርነትን ማወደስ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ባልደረቦቼን አከብራቸዋለሁ፤ ሥጋታቸው መሠረት የሌለው አይደለም። የሟች ስም እየጠሩ ሌላ ልጅ ወደ ጦር ሜዳ የሚሰዱ ሰዎች በየአገሩ ነበሩ። ነገር ግን የቬትናምን ጦርነት እንውሰድ። የአሜሪካ ሕዝብ በዚያ ጦርነት ክፉኛ ተከፋፍሎ ነበር። በኅዳር 1975 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተመረቀውን መታሰቢያ የነደፈችው ማያ ሊን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ንድፏ በውድድር ሲመረጥ ዕድሜዋ 21 ነበር። በግንቡ ላይ በፈረስ የተቀመጠ ጄኔራል የለም፣ የድል ፉከራም የለም። ጥቁር ድንጋይ ላይ ከ58 ሺህ በላይ ስም በሞቱበት ቅደም ተከተል ተጽፏል፤ በቃ። ጦርነቱን የደገፈውም የተቃወመውም እዚያ ሄዶ የሚያውቀውን ስም በጣቱ ይዳስሳል። የስም ዝርዝር ጦርነትን አያስጌጥም፤ እንዲያውም ሒሳቡን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ጦርነትን የሚያስጌጠው ስም የሌለው ሽለላ ነው።

ሁለተኛው «ኧረ ተዉን ባካችሁ፣ ቁስል አትቀስቅሱ!» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ነገ በምታስተምሩበት ክፍል ውስጥ አባቱ በአንድ ወገን የወደቀበት ልጅ፣ አጎቱ በሌላው ወገን ከወደቀበት ልጅ ጋር በአንድ ዴስክ ሊቀመጥ ይችላል። ነገር ግን እነዚህ ልጆች የማያውቁት ነገር የለም፤ በየቤታቸው ሰምተውታል። የማያውቁት ነገር ቢኖር አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅም ሐዘን እንዳለበት ነው። ይህን ሊያስተምራቸው የሚችል ከመምህር የተሻለ ማን አለ? ያልታጠበ ቁስል ደግሞ ስለ ሸፈኑት አይድንም።

ሦስተኛው «ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛ ምን ቤት ነን?» የሚለው ነው። በእርግጥ መዝገቡ ያለው በጦር ኃይሉ እጅ ነው፤ ለቤተሰብ የመንገርም ግዴታው የመንግሥት ነው። ይህን ከመጠየቅ ወደኋላ ማለት አይገባም። ግን ደግሞ መዝገብ ይጠፋል፣ ይቃጠላል፣ መንግሥት ሲለወጥ ይበተናል። የቀበሌው ሽማግሌ የሚያውቀው ነገር አለ፤ እሳቸውም አንድ ቀን ያልፋሉ። ከሽማግሌው አፍ ሰምቶ በወረቀት ላይ የሚያሰፍር የተማረ ሰው በገጠር ብዙ የለም። ያ ሰው መምህሩ ነው፤ ማለትም እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ለማስተማር ልምምድ ወደ ሰቃ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ አጋሮ፣ ወደ ዴዶ ስትሄዱ አንድ ባለ መቶ ሉክ ደብተር ያዙ። ከዚያ ቀበሌ ወደ ጦርነት ሄዶ ያልተመለሰውን ሰው ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የሄደበትን ዓመት፣ መጨረሻ ወሬው የተሰማበትን ቦታ ጻፉ። አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤቱ፣ ሌላውን ለቀበሌው ስጡ።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በመጀመሪያ፣ ቤተሰቡ ካልፈቀደ አትጻፉ። ሁለተኛ፣ ሞቱ ያልተረጋገጠውን «አልተመለሰም» እንጂ «ሞቷል» ብላችሁ አትጻፉ፤ መርዶ ነጋሪ የመሆን ሥልጣን የለንም። ሦስተኛ፣ ለማን እንደ ተዋጋ መጠየቅም፣ በማዕረግ ማበላለጥም አይገባም። አራተኛ፣ ተማሪዎችን ወደ እናቶች ቤት ለጥያቄ አትላኩ። ራሳችሁ ሂዱ፤ ቡና ሲፈላ ተቀመጡ፤ እስኪነግሯችሁ ጠብቁ። ካልነገሯችሁም አመስግናችሁ ውጡ።

ከዚያም በዓል ሲመጣና የኅሊና ጸሎት ሲባል፣ ከዝምታው በፊት ከደብተሩ አምስት ስም ይነበብ። አምስት ስም ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ተማሪው የጎረቤቱን አጎት ስም ሲሰማ «ስንት ሰከንድ ቀረ?» ብሎ አይጠይቅም ብዬ አምናለሁ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። መቃብር ለሌለው ሰው ግን ከስሙ በቀር ምን አለው?

እኔ ደብተሬን ገዝቼ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አዴን አስፈቅጄ የልጃቸውን ስም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፍኩ። ከስሙ ቀጥሎ «አልተመለሰም» አልኩ። ማንበብ ስለማይችሉ «እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ድገመው» አሉኝ።

ከኋላዬ ቆማችሁ የነበራችሁት ሁለት ልጆች ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ፣ አልተቀየምኳችሁም። ደብተሩ ያለው እኔ ዘንድ ነው፤ ገጹም ብዙ ነው። ኑና በየአገራችሁ የምታውቁትን አንድ አንድ ስም አጽፉ። አልስማማም የሚል ደግሞ ለዝግጅት ክፍሉ ይጻፍ፤ ከዚሁ ጽሑፍ ጎን ይለጠፍለታል።

አንድ አሠልጣኝ መምህር