ነዶውን ያሰረው ማነው?

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂውም እ.ኤ.አ. በ1739 ባሳተመው ስለ ሰው ተፈጥሮ በሚያትት ድርሳኑ፣ ወደ ውስጡ ቢመለከት ሙቀትን ወይም ሕመምን እንጂ «እኔ» የሚባል ነገር ከቶ እንዳላገኘ ገለጠ። ሰው በእርሱ አስተሳሰብ ያለ ዕረፍት የሚተካኩ ስሜቶች ነዶ ነው።

ነዶ ግን ያለ ማሰሪያ ነዶ አይሆንም። ፈልጎ ያጣውስ ማነው? ዕውቀት ከስሜት ሕዋሳት ይመነጫል ማለቱን አንነቅፍም፤ መሠረት የለሽ ግምትን ከፍልስፍና ለማስወጣት ብርቱ መሣሪያ ሆኗል። ስሕተቱ ሰውን የሚታይ ትርኢት ብቻ አድርጎ፣ ሠሪነቱን መዘንጋቱ ነው። ሸማኔ ትናንት ያበላሸውን ማግ ዛሬ ፈትቶ ሲያቀና «የሳትሁት እኔ ነኝ» ይላል። ይህ «እኔ» ዐይን ጨፍኖ በመመርመር የሚገኝ አይደለም፤ በእጁና በሥራው ይታወቃል። አለዚያማ ተበዳሪ ሁሉ «የተበደረው የትናንቱ ነዶ ነው» ብሎ ዕዳውን በካደ ነበር! (ሂውም ራሱ እስከዚህ አልሄደም።)

እንዲያውም በ1740 በወጣው አባሪ፣ ስለ ማንነት የጻፈው እንዳላረካውና መውጫ እንዳጣለት በግልጽ አምኗል። «ራስ የሚባል ነገር የለም» እያሉ ደራሲንና ሠዓሊን ከሥራቸው ኀላፊነት ነጻ የሚያወጡት ሐያስያን የሂውምን ስም ሲጠሩ፣ ይህን አባሪ ስለ ምን ይዘሉታል?