ጠጋኙን ማን ያመስግነው?

በእድር ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። «አዲስ ድንኳን እንግዛ» ሲባል ቤቱ በጭብጨባ ይሞላል፤ «የተቀደደውን ማን ይስፋው?» ሲባል ግን ሁሉም አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። ይህ አመል የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በየአገሩ ተበታትነው፣ በኢንተርኔት እየተገናኙ፣ ዓለም የሚጠቀምባቸውን ነፃ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎችም የዚሁ አመል ሰለባ ናቸው። ጥፋቱ ግን የአጨብጫቢዎቹ፣ የእኛ የተጠቃሚዎቹ ነው እላለሁ።

ማስረጃ ይኸው። ኦፕን ኤስኤስኤል የሚባለው ፕሮግራም በኢንተርኔት የምንላላከውን ምስጢር ከሰው ዓይን ይሰውራል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ሃርትቢት» የተባለ አዲስ አገልግሎት ተጨመረለት። ከአዲሱ ነገር ጋር ስህተትም ገባ። ስህተቱ ሁለት ዓመት ተደብቆ ኖሮ በኤፕሪል 2014 ሲጋለጥ፣ የይለፍ ቃልና የምስጢር ቁልፍ ማንም ሊዘርፍ ይችል እንደነበር ታወቀ። ለመሆኑ ያን ጊዜ ሙሉ ጊዜውን ለፕሮግራሙ የሰጠ ስንት ሰው ነበር? አንድ! የሚሰበሰበውስ መዋጮ? በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ! በዚያው ፕሮግራም ተማምነው ሚሊዮን የሚዝቁት ታላላቅ ኩባንያዎች ኪሳቸውን የዳሰሱት ከውርደቱ በኋላ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ተረት የላቸውም መሰለኝ።

ትምህርት ሆናቸው እንዳንል ደግሞ የኤክስዜድ ጉዳይ አለ። ይህ ፋይል የሚጨምቅ ፕሮግራም ለዓመታት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች «ሥራው ተጓተተ፤ ለሌላ ልቀቅ» እያሉ ወተወቱት። ያለ ክፍያ እንደሚሠራ ቢያስረዳም ሰሚ አላገኘም። «ላግዝህ» ብሎ የተጠጋው እንግዳ አመኔታውን ካገኘ በኋላ በ2024 መጀመሪያ ላይ በፕሮግራሙ ውስጥ የሌባ በር ከፈተ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የግማሽ ሰከንድ መዘግየት አጠራጥሮት ባይመረምር ኖሮ፣ በሩ በስንት ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ይቀር ነበር!

«አዲስ ነገር ከሌለ በጎ ፈቃደኛው ይሰለቻል፤ ማኅበሩም ይበተናል» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው። ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ደስታውን መነፈግ የለበትም። እኔም አዲስ ነገር ይቅር አላልኩም። አዲስ ነገር ልጅ ነው፤ የወለደው ያሳድገው ነው የምለው። ጨምሮ የሚሄድ ሁሉ ለቀሪው ሰው ዕዳ ትቶ መሄዱን ይወቅ። ሊጠግነው ቃል የማይገባ ሰው ያመጣው ነገር፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ደጅ ይቆይ። በነፃው ሥራ የሚከብረው ኩባንያም የጠጋኙን ደመወዝ ይክፈል፤ ይህ ምጽዋት ሳይሆን የቤት ኪራይ ነው።

እኛስ? ሳንቲም ሳናዋጣ «ምን አዲስ ነገር አለ?» እያልን የምንነዘንዘው እኛ፣ ቢያንስ አፋችንን እንሰብስብ። የድንኳኑ ነገር የሚታወቀው ዝናብ ሲመጣ ነውና፣ እስከዚያው መርፌና ክር ለያዘው ሰው ማጨብጨብ እንልመድ።