ቡናን ዘግኖ፣ ስልክን በወሬ

እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። በእኛ አካባቢ ጆንያ ሳያስፈታ ቡና የሚገዛ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያደግሁት የኪ ወረዳ ነው፤ አንድም ቀን አላየሁም። ሰብሳቢው እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከትና ከሥር ይዘግናል። ጀንፈሉን ጆሮው ሥር ይዞ ይነቀንቃል፤ ካልተንኳኳ ገና አልደረቀም ማለት ነው። ሳይበስል የተለቀመ ፍሬ ካገኘ ዋጋ ይጥላል። ሻጩም አይቀየምም፤ ገበያ ነዋ!

ታዲያ ያ ቡና ተሽጦ፣ ብሩ ለእኛ ሲላክልን፣ እኛ ስልክ ስንገዛ ምን እናደርጋለን? «ከኮሪያ የመጣ ነው፣ ያልተፈታ፣ ኦርጂናል!» ይሉናል። አምነን፣ ከፍለን እንወጣለን። የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ ርካሽ ዕቃ መፈለግ ነውር የለውም፤ ሳይመረምሩ የገዙት ዕቃ ግን መቼም ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

ነገሩ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከሌላው ይብሳል። ስልካችን መቅረጸ ድምፃችን፣ ካሜራችን፣ ማስታወሻ ደብተራችን ነው። ባለፈው ሴሚስተር በቡድን የሬዲዮ ዝግጅት ስንሠራ የተቀረጸው ሁሉ ያለው በአንድ ጓደኛችን ስልክ ላይ ነበር። ስልኩ ሲገዛ «ከውጭ ዘመድ ያመጣው» የተባለለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ድንገት ጠፍቶ ሲነሳ የማናውቀውን ሰው የጉግል አካውንት ጠየቀ። የቀረጽነው ሁሉ እዚያው ቀረ። ሻጩ «ስትወስደው ይሠራ ነበር» አለ። ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ፣ ምን ይባላል? ቃለ መጠይቅ የሰጡን አባት ደግሞ ሁለተኛ ለመናገር ፈቃደኛ አልሆኑም። የስልኩ ዋጋ እኮ በብር ብቻ አልተከፈለም!

ለመሆኑ «ከኮሪያ የመጣ» ማለት ምን ማለት ነው? ለትምህርትና ለሥራ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሲመለሱ ስልክና ላፕቶፕ ይዘው ይመጣሉ። የሳምሰንግ አገር ስለሆነ ስሙ ብቻውን እንደ ማኅተም ይቆጠራል። ነገር ግን ኮሪያውያን ራሳቸው በስም ብቻ አይገዙም። ሴኡል ውስጥ ዮንግሳን የሚባል ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ አለ፤ የእኛን መርካቶ አስቡት። እዚያ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ተብለህ መጣህ?» ብሎ ነው ይባላል፤ አባባሉ በአገሬው ዘንድ መቀለጃ እስከ መሆን ደርሷል። ዋጋ ሳያውቅ የሄደ ሰው እንደ ፊቱ ይጠራበታል። በይነመረብ ላይ ዋጋ ማወዳደር ሲለመድ ብዙ ደንበኛ ከዮንግሳን የሸሸውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚፈልጉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረውን ዳንግን የተባለ መተግበሪያ ይጠቀማሉ። ዋናው ሐሳቡ ሻጭና ገዢ የአንድ ሰፈር ሰዎች እንዲሆኑ፣ ተገናኝተውም ዕቃውን አይተው እንዲገበያዩ ነው።

ያ ዕቃ ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን የሚቀሩ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዋስትናው ብዙ ጊዜ የተገዛበትን አገር ድንበር አይሻገርም። ሁለተኛ፣ ኮሪያ ውስጥ ለገበያ የሚወጡ ስልኮች ፎቶ ሲያነሱ ድምፅ እንዲያሰሙ የሚያደርግ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለ፤ በአንዳንዶቹ ስልኮች ድምፁ እዚህም ይከተላል። ስብሰባ መሃል «ቀጭ!» ሲል አስቡት፤ ለጋዜጠኛ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛ፣ የላፕቶፑ ቁልፎች ላይ የኮሪያ ፊደል አለ። መብራቱን በተመለከተ ችግር የለም፤ የእነሱም እንደኛ 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን የመጣ ዕቃ ከሆነ ግን ቻርጀሩ ላይ «100-240» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳታዩ እንዳትሰኩ።

«አንተ ደግሞ የሀብታም ምክር ትመክራለህ፤ አዲስ ከየት አምጥተን እንግዛ?» የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት አላቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጥቷል። እኔም አዲስ ግዙ አላልኩም። ገንዘቡ ያነሰው ሰው ነው ይበልጥ መመርመር ያለበት፤ ቢበላሽበት ሌላ መግዣ የለውማ!

ምርመራው ደግሞ ቡና ከመዘገን አይከብድም። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ደውሉ፤ 15 አኃዝ ያለው የቀፎው መለያ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. የቀፎ ምዝገባ ሲጀምር ይህ ቁጥር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ታላላቆቻችን አይተዋል። ቀጥሎ ሻጩ አካውንቱን አስወጥቶ፣ ስልኩን እፊታችሁ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ያስነሳው፤ በራሳችሁ አካውንት ሳትገቡ ብር አትቁጠሩ። ድምፅ ቅረጹና መልሳችሁ ስሙ። ሲም ካርዳችሁን አስገብታችሁ ደውሉ። ሚሞሪ ካርድ ከገዛችሁ «64 ጊጋ» የሚለውን ጽሑፍ አትመኑ፤ እስኪሞላ ጫኑበት። ሻጩ «ቸኩያለሁ» ካለ ተዉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ለሁለት ወገኖች ደግሞ ጥያቄ አለኝ። የሚዛንና የቴፒ ሱቆች ባለቤቶች፣ እባካችሁ የቀፎው መለያ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝና የአንድ ሳምንት የሙከራ ጊዜ ስጡን። ከመርካቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ነው ያለነው፤ ዕቃ ለመመለስ ጂማን አቋርጠን አዲስ አበባ ልንሄድ አንችልም። እምነት የሚጣልበት ሱቅ ደግሞ የአንድ ተማሪ ብር ቢቀርበት የአንድ ዶርም ደንበኛ ያገኛል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ለዲፓርትመንታችን ነው። ሦስት ወይም አራት ደህና መቅረጸ ድምፅ ተገዝተው በፊርማ እየወጡ ቢመለሱ፣ የቤት ሥራችን በአንድ ያገለገለ ስልክ ላይ አይንጠለጠልም። ይኼ ብዙ ወጪ አይመስለኝም። እስከዚያው ግን ኮምፒውተር የሚያጠኑ ጓደኞቻችን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ከሰዓት ሰጥተውን ዕቃ ስንገዛ አብረውን ቢወጡ መልካም ነው።

ቤተሰቦቻችን ያንን ቡና ፍሬ በፍሬ ለቅመው፣ አድርቀው፣ በትከሻ ተሸክመው ነው ገበያ ያደረሱት። ብሩ እጃችን ከገባ በኋላ አሥር ደቂቃ ቆመን ዕቃ መፈተሽ ሊያሳፍረን አይገባም። ቸር ይግጠመን!