ሞተርዎ በምን ላይ ቆሟል?

ክረምት ሲገባ በብዙ ቤቶች ሞተር ሳይክሉ ወደ ግቢው ጥግ ይገፋል። ሸራ ለብሶ፣ በጎን እግሩ ዘንበል ብሎ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ይከርማል። ልጆችም ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ካላቸው ሞተሮች ብዙዎቹ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ይመዝናሉ፤ አንድ ኩንታል እህል ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ክብደት ዝናብ ባራሰው አፈር ላይ በአንዲት ቀጭን ብረት ተደግፎ፣ አጠገቡ ኳስ ሲመታ ያስቡት። ስለዚህ ማንሻና ማቆሚያ መምረጥ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብም ጉዳይ ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ጎንበስ ብለው ከሞተርዎ ሥር ይመልከቱ። አንዳንድ ሞተሮች ከጎን እግራቸው ሌላ ሁለት እግር ያለው የመሐል ማቆሚያ አላቸው። ካለዎት ጥሩ ነው፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ተነስቶ በነፃ የሚዞር ከሆነ ሰንሰለት ለማጽዳትና ዘይት ለመቀባት ሌላ ነገር መግዛት አያስፈልግዎትም።

ከሌለዎት ገበያ ላይ የሚያገኟቸው በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ከኋላ ገብቶ፣ እጀታው ወደ ታች ሲጫን የኋላውን ጎማ የያዙትን ሁለት የብረት ክንዶች ከሥር የሚያነሳ ነው። ለሰንሰለት፣ ለጎማና ለማቆያ የሚመቸው ይህ ነው። ሁለተኛው እንደ መኪና ክሪክ ከመሐል ሥር ገብቶ፣ ብሎኑ ሲዞር እንደ መቀስ የሚከፈት ነው። ይህ የሚሆነው ከሥሩ ጠንካራና ጠፍጣፋ የሻንሲ ብረት ላለው ሞተር ነው። የእርስዎ ሞተር ከሥር የሚታየው የዘይት መያዣው ወይም ማርሚታው ከሆነ ክብደቱ እነሱ ላይ ያርፋልና ይተዉት።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንምጣ። እኔ የምሠራው በማርኬቲንግ ነው፤ ሳጥን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር የሚመረጠው ለዓይን እንዲሞላ ነው። የማቆሚያ ሳጥን ላይ ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው ኪሎ ነው። እርግጥ ከሞተርዎ ክብደት ማነስ የለበትም። ነገር ግን ከኋላ የሚያነሳው ማቆሚያ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ገደማ ነው፤ ሌላው በፊተኛው ጎማ ላይ ያርፋል። ስለዚህ 200 የሚለውን ትቶ 400 ለሚለው ብዙ ብር መጨመር ለቤትዎ የሚሰጠው ደህንነት ትንሽ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው ብረቱ መጉበጡ ሳይሆን ሞተሩ ወደ ጎን መገልበጡ ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ስፋት ነው። ሜትር ይዘው ይሂዱና ለመግዛት ያሰቧቸውን ሁለት ማቆሚያዎች ከሥር ለክተው ያወዳድሩ፤ ሌላው ሁሉ ተመሳሳይ ከሆነ ሰፊውን ይውሰዱ። ከፍታም አያጓጓዎት፤ ጎማው ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ከተነሳ ይበቃል። ከዚያ በላይ በተነሳ ቁጥር ለመውደቅ ይቀርባል።

የሰፈር በያጅም ጥሩ ማቆሚያ ሊሠራልዎት ይችላል። ሞተሩን ራሱን ወስደው በልኩ ያሠሩ፤ ብየዳው ዙሪያውን የተሞላ እንጂ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ እንዳይሆን ይዩ፤ ሞተሩን የሚነካው ክፍል ወፍራም ላስቲክ ይልበስ። ሞተሩን ሳይጭኑም ከሁለቱም ጎን በኃይል ገፍተው ይሞክሩት።

የሚቆምበት ወለልም የምርጫው አካል ነው። ለስላሳ አፈር ላይ እግሩ ይሰምጣል፤ ኮብልስቶን ላይ ይወላገዳል፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። ሊሾ ሲሚንቶ ከሌለዎት ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ። ተዳፋት ቦታ ላይ ግን ፈጽሞ አያቁሙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ማርሽ ማስገባት የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው፤ እሱ ደግሞ አየር ላይ ነው። የፊተኛው ጎማ በነፃ ይንከባለላል። ስለዚህ የፊት ፍሬን እጀታውን በላስቲክ ጠበቅ አድርገው ከመሪው ጋር ይሰሩት፤ ከጎማው ፊትና ኋላም ድንጋይ ወይም እንጨት ይደግፉ። ሲያነሱም ሲያወርዱም ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ።

ሰንሰለቱን ሲያጸዱ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማውን በእጅ ብቻ ያዙሩ። ሞተር አስነስቶ በማርሽ እያዞሩ በጨርቅ መጥረግ ጣት ያስቆርጣል፤ ጨርቁ ከተያዘ እጅን ለመሳብ ጊዜ የለም። ልጅ አጠገብዎ ቆሞ ማየት ከፈለገ ከሰንሰለቱ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ማርሚታው የሚያቃጥል ከሆነም ሥራው እስኪበርድ ይቆይ።

ለሳምንታት የሚያቆሙት ከሆነ ደግሞ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ይሸፍኑት፤ እርጥብ ሞተር ላይ ሸራ መጣል ዝገት መጋበዝ ነው። የጎማውን ንፋስ ያሟሉ፤ የባትሪውንም ገመድ ይፍቱ፤ ሲፈቱ ከኔጌቲቩ ይጀምሩ። ከሁሉ በላይ ልጆች የሚሮጡበት መተላለፊያ ላይ አይሁን። ግድግዳ ጥግ፣ ከተቻለም በብረት ቀለበት ከግድግዳው ጋር ታስሮ ቢቆም ይመረጣል።

ቅዳሜ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት የሞተርዎን ሆድ ከሥር፣ የኋላ ጎማውን ደግሞ ከሁለቱም ጎን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። በሁለቱ የብረት ክንዶች መካከል ያለውን ስፋት ለክተው ይጻፉ። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ሲልዎት ፎቶውን አሳይተው «የትኛው ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው?» ብለው ይጠይቁት። ቦታውን በጣቱ ካላሳየዎት ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።